ስለ አምስት ሳንቲም ቀረጥና ስለ አናኮስቲያ ወንዝ

የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት መዲና ዋሽንግተን የተቆረቆረችው ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ሥፍራ ሲሆን፣ ከሁለቱ አንዱ ፖቶማክ፣ በዳርቻው የእብነ በረድ ሐውልት የተተከለለት፣ በጸደይ ወራት አበባውን ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳ የሚሰለፍለት ባለ ማዕርግ ወንዝ ሆኖ ሲኖር፣ ሁለተኛው አናኮስቲያ ግን ድኾችና ጥቁር አሜሪካውያን በሚበዙበት በምሥራቁ ሠፈር በኩል እያለፈ ለብዙ ዘመን የከተማው ጥራጊ መድፊያ ሆኖ ኖሯል። ስሙን የወረሰው ነጮች ከመምጣታቸው አስቀድሞ በዳርቻው ይኖሩ ከነበሩት ከናኮችታንክ ሕዝብ ነው። ከብላደንስበርግ ከተማ ተነሥቶ ከፖቶማክ እስኪቀላቀል የሚጓዘው 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ውሃውን የሚያጠራቅምበት ምድር ግን 450 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከዚህም ውስጥ የሚበዛው በከተማዪቱ ሥልጣን ሥር ሳይሆን በጎረቤቷ በሜሪላንድ ግዛት ውስጥ ይገኛል። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ ይፈለጋልና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን፣ ለብቻው ካልተገለጠ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በ2008 የከተማው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ከአናኮስቲያ ተፋሰስ ማኅበር ጋር ሆኖ፣ በወንዙ ውስጥ የሚንሳፈፈው ቆሻሻ ምን ምን እንደ ሆነ እንዲመረመር ባደረገ ጊዜ፣ ወደ ወንዙ በሚገቡት ትናንሽ ጅረቶች ከተገኘው ጥራጊ ግማሽ ያህሉ፣ በዋናውም ወንዝ ከተገኘው አንድ አምስተኛው ያህል፣ ከሱቅ ዕቃ የሚያዝበት ፌስታል ሆኖ ተገኘ። በጅረቶቹ ውስጥ ጠርሙሱ፣ ቆርቆሮው፣ የምግብ መጠቅለያው ሁሉ ከርሱ በኋላ የሚቆጠር ነበር።

ፌስታል ይህን ያህል ቀዳሚ የሆነበት ምክንያት ክፋት አይደለም፤ ቅለቱ ነው። ጠርሙስ ከወደቀበት ይተኛል፤ ፌስታል ግን ገዢው በእጁ ይዞት የቆየበት ጊዜ ከሱቅ እስከ ቤት ያለው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አፍ ላይ ነፋስ አንሥቶት፣ ዝናብ ከመንገዱ ጠርዝ ጠርጎት፣ በጎርፍ መውረጃው ፍርግርግ ሾልኮ ከጅረቱ ይገባል። በሰሜን ምሥራቁ የከተማ ክፍል ዋትስ ብራንች በምትባለው ጅረት ዳር በክረምት የቆመ ሰው፣ ቅጠሏ የረገፈ ዛፍ ሁሉ ጎርፉ በደረሰበት ቁመት ልክ ነጭና ጥቁር ጨርቅ የታሰረባት መስላ ሲያያት፣ ያ ሁሉ በጊዜው እንጀራና ወተት፣ ቢራና ሲጋራ የተያዘበት ፌስታል መሆኑን ያስተውላል። አይበሰብስም፤ ፀሐይና ውሃ ሲፈራረቁበት እየተቦጫጨቀ ይደቅቃል እንጂ፣ ወደ አፈርነት አይመለስም።

በዚህ ጊዜ በከተማዪቱ ምክር ቤት የስድስተኛው ቀጣና ተመራጭ የነበሩት ቶሚ ዌልስ አንድ የሕግ ረቂቅ አቀረቡ። በፊታቸው ሁለት ፍኖት ነበር። አንደኛው የግዝት መንገድ ነው፤ ሳን ፍራንሲስኮ በ2007 ከአሜሪካ ከተሞች ሁሉ ቀድማ ትላልቅ መደብሮች ፌስታል እንዳያድሉ የከለከለችበት ነው። ሁለተኛው የቀረጥ መንገድ ነው፤ አየርላንድ በመጋቢት 2002 በያንዳንዱ ፌስታል ላይ 15 የዩሮ ሳንቲም ጥላ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የሕዝቡን ፍጆታ ከመቶ ከዘጠና እጅ በላይ ያወረደችበት ነው። ዌልስ ሁለተኛውን መረጡ፤ መጠኑንም ወደ አምስት ሳንቲም አሳነሱት። ምክር ቤቱ በ2009 ረቂቁን በሙሉ ድምፅ ተቀበለ፤ ከንቲባው ኤድሪያን ፌንቲ ፈረሙበት፤ ከጥር 1 ቀን 2010 ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ።

የሕጉ ቃል አጭር ነው፤ አሠራሩ ግን የታሰበበት ነው። ምግብ ወይም የአልኮል መጠጥ የሚሸጥ ማናቸውም ሱቅ፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ለገዢው በሚሰጠው ፌስታል ሁሉ ላይ አምስት ሳንቲም ያስከፍላል፤ ይህም በደረሰኙ ላይ ለብቻው ተጽፎ መታየት አለበት። ከአምስቱ አንዱን ሳንቲም ባለ ሱቁ ያስቀራል፤ የራሱን መያዣ ይዞ ለመጣ ደንበኛ ከሒሳቡ አምስት ሳንቲም የሚቀንስለት ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ያስቀራል። የቀረው በወንዙ ስም ለተቋቋመው የጽዳት ገንዘብ ገቢ ይሆናል። ቲማቲምና ሽንኩርት የሚመዘንበት ስስ ላስቲክ፣ እንጀራም ታሽጎ የሚሸጥበት፣ ከገንዘብ ተቀባዩ ፊት ከመድረሱ በፊት የተጠቀለለ ነውና አይቀረጥበትም። ከሁሉ ይልቅ ብልህነት ሆኖ የሚታየኝ ግን ሕጉ የወረቀቱንም ከረጢት እኩል መቅረጡ ነው። ወረቀት ከዛፍ የሚሠራ፣ በሚሠራበትም ጊዜ ብዙ ውሃና ኃይል የሚፈጅ ነውና፣ ፕላስቲኩን ብቻ ቀርጠው ወረቀቱን በነፃ ቢተዉት ሰው ሁሉ ወደዚያ ይገለበጥ ነበር፤ ከአንዱ ጥፋት ወደ ሌላው መሸጋገር ብቻ ይሆን ነበር።

ተቃውሞ አልጠፋም። የፕላስቲክ አምራቾች ወገን ቀረጡ የድኻውን ኪስ የሚዳብስ ነው እያለ ተከራከረ፤ ይህንንም ከምር የሚያምኑ፣ በምሥራቁ ሠፈር የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። ከተማው በበኩሉ ለአረጋውያንና ለችግረኞች የሚታጠብና ደጋግሞ የሚያገለግል መያዣ በነፃ አደለ። የአምራቾቹ ክርክር ምን ያህል ጉልበት እንደ ነበረው ለማወቅ ሲያትልን መመልከት ይበቃል። የሲያትል ምክር ቤት በ2008 የ20 ሳንቲም ቀረጥ ቢወስን፣ አምራቾቹ ፊርማ አሰባስበው ነገሩን ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡት፤ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይም አፈሰሱበት፤ በነሐሴ 2009 ሕዝቡ ቀረጡን ጣለው። ያቺው ሲያትል ከ2012 ጀምሮ ከቀረጥ የከበደውን ግዝት በሥራ ላይ አዋለች፤ ያን ጊዜ ግን የሕዝብ ድምፅ ሳይሽረው ጸና። ሰው ሲከለከል ዝም ብሎ ሲቀረጥ የሚቆጣበት ምክንያት ለፈላስፋ የሚተው ጥያቄ ነው።

አምስት ሳንቲም እንግዲህ ምን አላት? በዋሽንግተን ገበያ ከረሜላ እንኳ የማትገዛ፣ መንገድ ላይ ብትወድቅ ብዙ ሰው ጎንበስ ብሎ የማያነሣት ፍራንክ ናት። አሥር ፌስታል የሚወስድ ሰው ግማሽ ዶላር ይከፍላል፤ ይህም ለአንድ ሣምንት አስቤዛ ከሚያወጣው ጋር ሲተያይ ከምንም አይቆጠርም። ሆኖም ሳንቲሟ የምትሠራው በዋጋዋ አይደለም፤ በጥያቄዋ ነው። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ገንዘብ ተቀባዩ ማንንም ሳይጠይቅ ዕቃውን በሁለት ፌስታል ደራርቦ ያስረክብ ነበር፤ ከወጣ በኋላ ግን መጠየቅ ግድ ሆነበት። የሐበሻ ሱቆች ከሚገኙበት ከጆርጂያ ጎዳና በአንዱ ሱቅ ባንኮኒ አጠገብ ጥቂት የቆመ ሰው የሚሰማው ይህንኑ ነው። ነጠላ የለበሱ እናት በርበሬ፣ ጥሬ ቡናና ሁለት እሽግ እንጀራ አስቀርበው ሒሳብ ሲያወጡ፣ ልጁ፦

«እትዬ፣ ፌስታል ልጨምርልዎት? አምስት ሳንቲም አለው» ይላል።

«ምን በወጣኝ! እቤቴ ሞልቶ የለም ወይ?» ይሉና፣ ከቦርሳቸው ሥር በሦስት ማዕዘን እንደ ሳምቡሳ የታጠፈ አሮጌ ፌስታል አውጥተው፣ አራግፈው ያቀርቡለታል።

ሐበሻ እናቶች ፌስታል አጣጥፎ ማኖርን ከምክር ቤቱ ውሳኔ አልተማሩትም፤ ከሱቅ ሲወጡ ይዘውት መውጣትን ግን ያስታወሳቸው ያ ጥያቄ ነው።

ይህ የኔ ግምት ብቻ እንዳይመስል፣ ታቲያና ሆሞኖፍ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ2018 ያሳተሙትን ምርምር እጠቅሳለሁ። እኒህ ሊቅ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሚገኙ መደብሮች ደጃፍ የሚወጣውን ገዢ በማስቆጠር ሁለት ነገር አወዳደሩ። በአንድ ወገን ፌስታል ለሚወስድ አምስት ሳንቲም ይጨመርበታል፤ በሌላው ወገን የራሱን መያዣ ላመጣ አምስት ሳንቲም ይቀነስለታል። በሒሳብ መምህር ፊት ሁለቱ አንድ ናቸው። በሰው ልብ ፊት ግን ቅናሹ ምንም ለውጥ ሳያመጣ ቀረ፤ ቀረጡ ግን ከመቶ ገዢዎች መካከል ፌስታል የሚወስዱትን ከአርባ ሰው በላይ አጎደለ። የሰው ባሕርይ የሚያገኘውን አምስት ሳንቲም ይንቃል፤ የሚነጠቀውን አምስት ሳንቲም ግን ይቆጥራል። ሕግ አውጪዎች በየዘመኑ ለበጎ ሥራ ሽልማት ሲያዘጋጁ ይህን ጠባይ ብዙ ጊዜ ሳያስቡት ቀርተዋል።

ስለ ቀረጡ የመጀመሪያ ወር የግብር መሥሪያ ቤቱ ያወጣው ስሌት ከተማውን አስደንቆ ነበር። ቀድሞ በወር 22.5 ሚሊዮን ፌስታል ይታደላል ተብሎ ሲገመት፣ በጥር 2010 ቀረጥ የተከፈለበት ሦስት ሚሊዮን ያህል ብቻ ሆነ፤ የገባውም ገንዘብ 150 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። የፊተኛው ቁጥር ግምት እንጂ ቆጠራ አልነበረም፤ በመጀመሪያው ወር ደግሞ ሒሳቡን ሁሉ አጠናቆ ያስረከበ ነጋዴ አለ ለማለት ይቸግራል፤ ስለዚህ በነዚህ ቁጥሮች ላይ ቤት አልሠራባቸውም። ነገር ግን በ2013 በተደረገ መጠይቅ ከአምስት ነዋሪዎች አራቱ ያህል የፌስታል ፍጆታቸውን መቀነሳቸውን ተናግረዋል፤ ይህም ከባንኮኒው አጠገብ በዓይን ከሚታየው ጋር ይስማማል። በቀረጡ ገንዘብም በጅረቶቹ አፍ ላይ ተንሳፋፊ ቆሻሻን የሚያግቱ ወጥመዶች ተሠርተውበታል፤ የፈረሱ የጅረት ዳርቻዎች ተጠግነውበታል፤ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችም ከከተማ ወጥተው ሌሊት አድረው ስለ ውሃ የሚማሩበት ትምህርት ተከፍሎበታል። እንዲህ ያለው ቀረጥ ግን በራሱ ላይ የሚፈርድ ነው፤ ሥራውን ደኅና አድርጎ በሠራ ቁጥር ገቢው ይመነምናል።

አሁን አንባቢ በልቡ እንዲይዘው ወደ ለመንኩት ነገር ልመለስ። ዋሽንግተን በራሷ ወሰን ውስጥ ያለውን ሱቅ ልትቀርጥ ትችላለች፤ ከወሰኑ ማዶ፣ በሜሪላንድ፣ ጎርፍ ጠርጎ ወደ አናኮስቲያ የሚያወርደውን ፌስታል ግን ልትነካው አትችልም። ስለዚህ የወንዙ ነገር ከብዙ ሹማምንት ፈቃድ ጋር ተቆራኝቶ ቀረ። የሞንትጎሞሪ ወረዳ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት፣ በጥር 2012 የዋሽንግተንን ፈለግ ተከትሎ፣ እንዲያውም ምግብ ሻጩን ሳይለይ በማናቸውም ችርቻሮ ሱቅ ላይ አምስት ሳንቲም ጣለ። ጎረቤቱ የፕሪንስ ጆርጅስ ወረዳ ግን፣ ወንዙ የሚጀምርበት ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ዓመት ዘግይቶ ከጥር 2024 ወዲህ ነው ፌስታልን ከልክሎ ለወረቀቱ አሥር ሳንቲም ያስከፈለው።

ፖቶማክን ተሻግሮ ወደ ቨርጂንያ የሚገባ ሰው ደግሞ ሌላ ሥርዓት ያገኛል። በዚያ ግዛት በ19ኛው መቶ ዘመን በአይዋ ይፈርዱ በነበሩት በዳኛ ዲሎን ስም የሚጠራ ጥንታዊ ደንብ ጸንቶ ይኖራል፤ ፍሬ ነገሩም ከተማና ወረዳ ግዛቱ በግልጥ የሰጣቸውን ሥልጣን እንጂ ሌላ ሥልጣን የላቸውም የሚል ነው። ስለዚህ በዚያው ግዛት ያለችው የአሌክሳንድርያ ከተማ ምክር ቤት፣ ነዋሪው ሁሉ ቢስማማና ወንዙ በደጁ ቢያልፍ እንኳ፣ በገዛ ፈቃዱ አንዲት ሳንቲም ሊቀርጥ አይችልም ነበር። የቨርጂንያ ምክር ቤት በ2020 ለፈለገ ወረዳና ከተማ በፕላስቲኩ ላይ ብቻ አምስት ሳንቲም የመጣል ፈቃድ ሰጠ፤ አሌክሳንድርያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስም ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምረው ተጠቀሙበት። ከዚህ የከፋ ዕጣ የገጠማቸውም አሉ። በቴክሳስ የላሬዶ ከተማ ፌስታልን ብትከለክል፣ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018 የግዛቱ ሕግ አይፈቅድም ብሎ ሻረባት፤ ኦስቲንም ከ2013 ጀምራ ስትሠራበት የኖረችውን ክልከላ በዚሁ ምክንያት ተወችው። ቆሻሻው የሚደርሰው ከታናሹ ሹም ደጅ ነው፤ ሥልጣኑ የሚያድረው ከታላቁ ዘንድ ነው። የአሜሪካን የፌስታል ታሪክ አንድ ወጥ ሳይሆን እንደ ጥልፍ ቁርጥራጭ ያደረገው ከሁሉ ይልቅ ይህ ነው።

በሕግ አጻጻፍ በኩል ብዙዎችን ያሰናከለ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ውፍረት ነው። ካሊፎርንያ፣ ከመቶ የሚበልጡ ከተሞችና ወረዳዎቿ የየራሳቸውን ደንብ ካወጡ በኋላ፣ በ2014 ለግዛቱ በሙሉ ሕግ ደነገገች፤ አምራቾቹ አቤት ብለው ለሕዝብ ድምፅ ቢያቀርቡትም በ2016 ሕዝቡ አጸናው። ሕጉ ስሱን ፌስታል ሲከለክል፣ ከ0.057 ሚሊ ሜትር ያላነሰውን ግን «ተደጋግሞ የሚያገለግል» ብሎ በአሥር ሳንቲም እንዲሸጥ ፈቀደ። ሰው ወፍራሙን እንደ ስሱ አንድ ጊዜ ይዞበት ይጥለው ጀመር፤ የፌስታሉ ቁጥር ቢቀንስ የፕላስቲኩ ክብደት ጨመረ። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ሌላ ሕግ በ2024 መውጣት፣ እርሱም ከጥር 2026 ጀምሮ መሥራት ግድ ሆነ።

የኛም አገር ከዚሁ ስሕተት አላመለጠችም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ፌስታልን የከለከለው በውፍረት ለይቶ፣ ወሰኑንም 0.03 ሚሊ ሜትር አድርጎ ነበር። ይህ ከራስ ጠጉር ውፍረት ያነሰ ልክ ነው። የመርካቶ ነጋዴ በምን መለኪያ ይለየዋል? የወረዳ ደንብ አስከባሪስ በጉሊት ሽንኩርት ሻጭ ፊት ቆሞ በጣቱ ዳስሶ ይፈርድ ኖሯልን? አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ እያለ ስሱ ፌስታል በየገበያው መታደሉን አላቆመም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ይህን የውፍረት ልኬት ትቶ የፕላስቲክ ከረጢትን ራሱን ከለከለ፤ ይዞ በተገኘው ሰው ላይም ሳይቀር ቅጣት ደነገገ። ቅጣቱ ከዋሽንግተኑ አምስት ሳንቲም ጋር የማይነጻጸር ከባድ ነው። እኔ ግን ከቅጣቱ ክብደት ይልቅ የሚያሳስበኝ ዘንቢሉና የጨርቅ ከረጢቱ በጉሊት ገበያው አጠገብ በርካሽ መገኘት አለመገኘቱ ነው፤ ሰው በእጁ ሌላ መያዣ ከሌለው ሽንኩርቱን በምን ይዞ ይገባል?

ግዝትም ቢሆን የራሱ ጉድለት አለው። ሬቤካ ቴይለር የተባሉ ሌላ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በካሊፎርንያ ከተሞች ያደረጉት ምርምር በ2019 ታትሞ እንዳሳየው፣ ፌስታል በተከለከለባቸው ቦታዎች ቀድሞ አሮጌውን ፌስታል ለቤት ቆሻሻ መጣያ ያደርግ የነበረ ሰው ሌላ ላስቲክ መግዛት ጀመረ፤ ትንሹ የቆሻሻ ላስቲክ ሽያጭ ከእጥፍ በላይ አደገ፤ በመሆኑም ከገበያ ከጠፋው 40 ሚሊዮን ፓውንድ ፕላስቲክ 12 ሚሊዮን ፓውንድ ያህሉ በሌላ በር ተመልሶ ገባ። ቀሪው 28 ሚሊዮን ግን ትርፍ ነው፤ አንዳንድ የክልከላ ተቃዋሚዎች የፊተኛውን ቁጥር ብቻ ጠቅሰው ይህን መዝለላቸው ከቅንነት የመጣ አይመስለኝም።

አናኮስቲያም ቢሆን በፌስታል ብቻ አልታመመም። ዝናብ በጠነከረ ቁጥር ከአሮጌው የከተማ ፍሳሽ ቦይ የሚሞላው እዳሪ ወደ ወንዙ ይገለበጥ ነበር፤ በዚህም ሳቢያ ከ1971 ጀምሮ በከተማው ወንዞች መዋኘት የተከለከለ ነው። ይህን ደዌ ለማዳን ከምድር ሥር ታላላቅ የውሃ ማቆያ ዋሻዎች ተቆፍረው አንዱ በ2018፣ ሌላው በ2023 ሥራ ጀምረዋል፤ ወጪውም ከፌስታል ቀረጥ ከሚገኘው ጋር የሚተያይ አይደለም። ሳንቲሟ ወንዙን አዳነች የሚል ሰው ቢኖር አጋንኗል።

ሳንቲሟ እያደር መድከሟም አልቀረም። በ2010 አምስት ሳንቲም የነበረው በ2025 በስም እንጂ በዋጋ አምስት ሳንቲም አይደለም፤ ጥያቄውም ከተለመደ በኋላ «አዎ፣ ጨምርልኝ» ብሎ ማለፍ ይቀልላል። የሞንትጎሞሪ ወረዳ ምክር ቤት በ2025 ይህን ተመልክቶ፣ ለ13 ዓመት የሠራበትን ደንብ ለወጠ፤ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በባንኮኒ የሚሰጠው ፕላስቲክ ፌስታል እንዲቀር፣ የወረቀቱ አሥር ሳንቲም እንዲሆን፣ የመንግሥት የምግብ ድጎማ የሚቀበሉ ቤተሰቦችም ከዚህ ክፍያ ነፃ እንዲሆኑ ወሰነ። ይህም የመጨረሻው አንቀጽ በ2009 በዋሽንግተን የተሰማው የድኾች አቤቱታ ከ16 ዓመት በኋላ በጎረቤት ወረዳ መልስ ያገኘበት ነው።